ገበናና አቤቱታ፤ በአዴትና በምዕራብ ጎጃም ገጠር የተመታች ሚስት ለማን ትናገራለች?

ባል ሚስቱን በመታ ጊዜ ድርጊቱ አራት ልዩ ልዩ ስም ሊሰጠው ይችላል። በቤቱ ውስጥ ገበና ነው፤ በሽማግሌዎች ፊት ጠብ ነው፤ በነፍስ አባት ዘንድ ኃጢአት ነው፤ በዳኛ ፊት ወንጀል ነው። ከአራቱ ስሞች የትኛው እንደሚጸና የሚለየው በምቱ ክብደት ብቻ አይደለም፤ ሚስቲቱ ነገሩን ለማን እንደ ተናገረችና በምን ቃል እንደ ተናገረች ይበልጡን ይወስነዋል። ስለ ኢትዮጵያ ገጠር ሴቶች ሲነገር ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ በሁለት ብቻ ተከፍሎ ይታያል፤ ይኸውም ቀድሞ ሴቶች ዝም ይሉ ነበር፣ አሁን ግን መናገር ጀምረዋል የሚል ነው። ይህ አከፋፈል ለቅስቀሳ ይመች ይሆናል እንጂ የባላገሩን ኑሮ በሚገባ አይገልጥም። በምዕራብ ጎጃም ገጠር የተበደለች ሚስት ብሶቷን የምታሰማባቸው የታወቁ መንገዶች ከጥንት ጀምሮ ነበሩ። የተለወጠው ሰሚው፣ ለበደሉ የሚሰጠው ስም፣ ከንግግሩም በኋላ የሚከተለው ነገር ነው። ይህ ጽሑፍ እነዚያን መንገዶች፣ የተመሠረቱበትን የመሬትና የሕግ ሥርዓት፣ እንደዚሁም በአዲሱ መንገድ ላይ የሚገኘውን ችግር በቅደም ተከተል ይገልጣል።

ስፍራውና የቤቱ አቀማመጥ

አዴት የይልማና ዴንሳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሞጣ መንገድ ላይ ትገኛለች። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ደግሞ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው በሌላው መንገድ ላይ ናቸው። በእነዚህ ከተሞች ዙሪያ ያለው ባላገር በበሬ የሚያርስ፣ ጤፍና በቆሎ የሚያመርት፣ በአብዛኛውም የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስቲያን የሆነ ሕዝብ ነው።

ለዚህ ጥናት ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ሙሽራዪቱ የምትገባበት ቤት ነው። በአገሩ ልማድ ሴት ልጅ ስትዳር ከወላጆቿ መንደር ወጥታ ወደ ባሏ አባት አጥቢያ ትሄዳለች፤ ጎጆዋም ከአማቶቿ ደጅ ብዙ አይርቅም። ስለዚህም በዙሪያዋ ያሉት ጎረቤቶች የባሏ ወንድሞች፣ የአጎቱ ልጆችና የእነርሱ ሚስቶች ናቸው። ምቱን የሚሰማው ጎረቤት የመቺው ዘመድ ነው ማለት ነው። የእርሷ ወገን የሚገኘው ምናልባት የግማሽ ቀን መንገድ ተሻግሮ ነው። በማን ዘንድ ልትናገር እንደምትችል ለማወቅ አስቀድሞ ይህን ርቀት ማሰብ ያስፈልጋል።

ቃላቱ ምን ያመለክታሉ?

ስለ ጉዳዩ የሚነገሩት ቃላት ራሳቸው የሥርዓቱን አስተሳሰብ ይገልጣሉ። ገበና ማለት ከቤት ሊወጣ የማይገባው፣ ቢወጣም ቤተሰቡን በሙሉ የሚያሳፍር ነገር ነው። ገበናን የሚሸፍን ሰው ጨዋ ይባላል፤ ገበናውን ያወጣ ግን ራሱን እንዳዋረደ ይቈጠራል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ ኀፍረቱ በድርጊቱ ላይ ሳይሆን በመገለጡ ላይ መሆኑ ነው፤ ምቱ ያላሳፈረው ቤት በወሬው ያፍራል። ሸክሙም የሚወድቀው በተናጋሪዋ ላይ ነው።

ባል ስለሚመታበት ምክንያት ሲነገር በቀደመው አነጋገር ቀጣት ይባል ነበር። ቅጣት የሚለው ቃል አባት በልጁ፣ መምህር በደቀ መዝሙሩ ላይ ያለውን ሥልጣን የሚያመለክት ነው፤ ጥፋቱንም አስቀድሞ በተቀጪው ላይ ያደርጋል። «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳሉ» የሚለው የታወቀ አባባል ይህንኑ አስተሳሰብ ያለ አንዳች መሸፋፈን የሚናገር ነው። ሚስት ባሏን በአንቱታ፣ ባልም ሚስቱን በአንቺታ ይጠራበት የነበረው ልማድ ይህን የማዕርግ ልዩነት በየዕለቱ ያጸናው ነበር።

በዛሬው የሕግና የጽሕፈት ቤት ቋንቋ የተለመደው ቃል ግን ጥቃት ነው። ይህ ቃል በባላገሩ አነጋገር የራሱ ታሪክ አለው። መጠቃት ማለት በጉልበተኛ መዋረድ፣ ክብርን መነጠቅ ነው፤ «ጥቃት አይወድም» የሚባለውም ክብሩን የማያስነካ ወንድ በሚመሰገንበት ጊዜ ነው። እንግዲህ አንዲት ሚስት «ተቀጣሁ» ማለትን ትታ «ተጠቃሁ» ብትል፣ ለወንድ ብቻ ይነገር የነበረውን የክብር ቃል ለራሷ መውሰዷ ነው። ከቅጣት ወደ ጥቃት መሻገር የቃል ለውጥ ብቻ መስሎ ቢታይም፣ ጥፋቱን ከተመታችው አንሥቶ በመቺው ላይ የሚያኖር ነው።

የቀደሙት መንገዶች

ከሁሉ አስቀድሞ የሚገኘው ኡኡታ ነው። ምቱ በበረታ ጊዜ ሚስቲቱ ብትጮኽ ሰሚው ሁሉ ሮጦ የመድረስ ግዴታ አለበት፤ መጥቶም የሚገላግል ሰው ገላጋይ ይባላል። ገላጋይ ዳኛ አይደለም። ማን እንደ በደለ አይጠይቅም፤ ሥራው ዱላውን መያዝና ሁለቱን መለየት ነው። ኡኡታ ሕይወትን ያድን ይሆናል፤ ጥፋትን ግን አያስፈርድም።

ሁለተኛው ኩርፊያ ነው። የተመታች ሚስት ልጆቿን ትታ ወይም ታናሹን አዝላ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች። በዚያም ሳለች ብዙ መናገር አያስፈልጋትም፤ መምጣቷ ራሱ ንግግር ነው። ባል ሊወስዳት የፈለገ እንደ ሆነ ሽማግሌ ይልካል፤ ወላጆቿም ልጃቸው ለምን እንደ ተመታች ይጠይቃሉ። ሽማግሌዎቹ ግራና ቀኙን ሰምተው ባል ካሳ እንዲከፍል፣ ልብስ እንዲገዛላት፣ ዳግመኛ እንዳይመታትም ዋስ እንዲጠራ ሊያደርጉት ይችላሉ። ይህ ሥርዓት ሊናቅ የሚገባው አይደለም፤ ባልን በወገኖቹ ፊት ያስወቅሰዋል፣ ዋሱንም በተጠያቂነት ያስገባዋል። ነገር ግን ፍጻሜው ሁልጊዜ ዕርቅ ነው። የሽማግሌ ክብር የሚለካው ስንት ትዳር እንዳስማማ እንጂ ስንት ሴት ከዱላ እንዳዳነ አይደለም። ስለዚህ ከምቱ በፊት «ምን አድርገሽ ነው?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ በዕርቁም ጊዜ ይቅርታ የሚጠይቁት ብዙ ጊዜ ሁለቱም ናቸው።

ሦስተኛው የነፍስ አባት ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ የንስሓ አባት ስላለው፣ ሚስት ከዘመድ የደበቀችውን ለእርሱ ልትገልጥ ትችላለች። ካህኑ ባልን የመገሠጽና ቀኖና የመስጠት ሥልጣን አለው፤ ምሥጢሩን ግን ወደ ውጭ ሊያወጣ አይችልም። በተለይ በቁርባን ለተጋቡት ፍች እጅግ የተከለከለ ስለሆነ፣ ምክሩ ወደ ትዕግሥት ያዘነብላል። ሮሚና ኢስትራቲ በአክሱም አካባቢ ባደረገችው ጥናት፣ በ2020 እ.ኤ.አ. በታተመውም መጽሐፏ፣ የሃይማኖቱ ትምህርት ራሱ ምትን እንደማይደግፍና ልማድ ከትምህርቱ ጋር ተደባልቆ እንደሚነገር አሳይታለች። ይህ ለጎጃምም ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ ካህኑ በባላገሩ ዘንድ ያለው ተሰሚነት ሚስቲቱን ዝም ሊያሰኝም፣ ባልን ሊያስቆምም ይችላልና።

አራተኛው በተዘዋዋሪ መናገር ነው። ሴቶች በወፍጮ ላይ ሲያንጐራጕሩ ስለ ባልና ስለ አማት ብሶት በሰምና ወርቅ ይወጣል፤ እንጉርጉሮውን የሰማው ባል ቢጠይቅ «ዘፈን ነው» ተብሎ ይመለስለታል። የዛር ሥርዓትም ከዚህ ጋር የሚመደብ ነው። ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. በጎንደር ያየውን በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሳይመን ሜሲንግም በዚያው ዓመት ባወጣው ጽሑፍ እንደ ገለጡት፣ ዛር የሰፈረባት ሚስት በመንፈሱ አንደበት ልብስ፣ ሽቶና አክብሮት ከባሏ ትጠይቃለች። ራሷ ብትጠይቅ ድፍረት የሚሆንባት ነገር መንፈሱ ሲጠይቀው ትእዛዝ ይሆናል። ነገር ግን በዚህ ዐይነት የተነገረው ብሶት የሚፈውሰው ሕመሟን እንጂ የባሏን እጅ አይደለም።

እነዚህን ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ሁሉም ሴቲቱን ያናግራሉ፤ አንዳቸውም ግን ምቱን በስሙ ጠርተው ከጠብና ከኩርፊያ አይለዩትም። «ተጣሉ»፣ «አኮረፈች»፣ «ታመመች» ይባላል፤ «መታት» የሚለው ቃል ወደ ኋላ ይቀራል።

መሬትና መውጫ

ኩርፊያ ኀይል የሚኖረው ሚስቲቱ ላትመለስ የምትችል ሲሆን ነው። ይህም በመሬት ላይ የተመሠረተ ነበር። አላን ሆበን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በደጋ ዳሞት ባደረገው ጥናት፣ በ1973 እ.ኤ.አ. በታተመውም መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም በኩል የሚጠየቅ ነበር፤ ሴት ልጅም እንደ ወንድሟ የመውረስ መብት ነበራት። በሰማንያ የተጋቡትም ሲፋቱ ሀብታቸውን ይካፈሉ ነበር። ስለዚህ ዘመድ ያላትና ርስት የምትጠይቅ ሴት ባሏን ትታ ሄዳ ሌላ ልታገባ ትችል ነበር፤ ፍችም በባላገሩ ዘንድ ብዙ ነበር። በዚህ ሥርዓት ውስጥ አንደበት ያልነበራት በጨቅላነቷ የተዳረችው፣ በደሞዝ የገባችው፣ ወገኗ የራቀው ወይም የደኸየው ሴት ናት።

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ባልና ሚስትን በሕግ አላበላለጠም። ነገር ግን በገበሬ ማኅበራት መዝገብ የሚጻፈው የቤተሰብ ኃላፊው ስለ ነበር፣ ያገባች ሴት መሬት የምታገኘው በባሏ በኩል ሆነ። ሄለን ፓንክኸርስት በመንዝ ጥናቷ ይህን በሰፊው መርምራዋለች። በአባቷ አጥቢያ ልትጠይቀው የምትችለው ርስት በመቅረቱ፣ የምታኮርፍበት ቤት ቢኖርም የምትኖርበት መሬት አጣች።

በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተደረገው የመሬት ሽግሽግ ለሴቶችም በራሳቸው ስም ድርሻ ሰጠ። ቀጥሎም በወጡት የክልሉ የመሬት አዋጆች፣ በተለይም በ1998ቱ አዋጅ ቁጥር 133፣ የይዞታ ደብተር በባልና በሚስት ስም በጋራ እንዲጻፍ ሆነ። ይህ ደብተር ስለ ምት አንዲት ቃል አይናገርም፤ ሆኖም ከብዙ የምክር ቃል ይልቅ ለሴቶች አንደበት የሚረዳ ነው። ከትዳር ብትወጣ እርሻውን እንደማታጣ የምታውቅ ሚስት በሽማግሌዎች ፊት የምትናገረው እንደ ለማኝ ሳይሆን እንደ ባለ ይዞታ ነው።

ሕጉ የሄደበት መንገድ

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 635 ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ ሚስት በሕጋዊ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበር፤ በቁጥር 644 ደግሞ አካሄዷን የመምራት ሥልጣን ይሰጠው ነበር። የትዳር ክርክርም አስቀድሞ ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች እንዲቀርብ ደነገገ። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በበኩሉ ሰውን መምታት በጠቅላላው ቢከለክልም ሚስትን ስለ መምታት ለብቻው የተናገረው አልነበረም።

ለውጡ የመጣው ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት በኋላ ነው። አንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ካጸና በኋላ፣ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የባልን አለቅነት ሽሮ ፍችን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጠ፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79 አወጣ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በቁጥር 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን በስሙ ጠርቶ ወንጀል አደረገው። ለዚህ ሕግ መውጣት በ1987 ዓ.ም. ግድም የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና የመጀመሪያዋ ሥራ አስኪያጁ መዓዛ አሸናፊ ብዙ ደክመዋል። ማኅበሩ በ2001 እ.ኤ.አ. በመንግሥት ለጥቂት ጊዜ ታግዶ ነበር። ከዚያም በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ማኅበራት በሴቶች መብት ላይ እንዳይሠሩ በመከልከሉ ሥራው እጅግ ተዳከመ፤ ይህ አዋጅ የተሻረው በ2011 ዓ.ም. ነው።

የወንጀል ሕጉ ሁለት ክፍተቶች አሉት። አንደኛው፣ አስገድዶ መድፈርን ከጋብቻ ውጭ በሚፈጸመው ብቻ ስለሚወስን፣ በትዳር ውስጥ ያለውን ይተወዋል። ሁለተኛው፣ ቀላል የአካል ጉዳት የሚያስከስሰው በተበዳዪቱ አቤቱታ ብቻ በመሆኑ፣ አቤቱታዋን እንድታነሣ ሽማግሌዎች ሊያግባቧት ይችላሉ። ስለዚህ አሮጌው የዕርቅ መንገድ በአዲሱ የፍርድ መንገድ ውስጥ ገብቶ ይሠራል።

ሞሰቦ፤ የልጅነት ጋብቻና የመናገር ትምህርት

ገና ልጅ ሳለች የተዳረች ሴት ስለ በደሏ የምትናገርበት ቃል እንኳ አልተማረችም። ከባሏ በዕድሜ ታንሳለች፣ አማቷ እንደ እናት ታዝዛታለች፣ እኩዮቿንም አታገኝም። ይህን በተመለከተ በአዴት አቅራቢያ አንድ የታወቀ ሥራ ተደርጓል። በይልማና ዴንሳ ወረዳ በሞሰቦ ቀበሌ ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. «ብርሃነ ሔዋን» የተባለው መርሐ ግብር በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በፖፑሌሽን ካውንስል ረዳትነት ተካሄደ። ያላገቡት ልጃገረዶች በትምህርት ቤት እንዲቆዩ ወይም በቡድን እንዲማሩ፣ ያገቡት ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ ከአንዲት መካሪ ሴት ጋር እንዲሰበሰቡ ተደረገ። የመንደሩ ሰዎችም ስለ ጋብቻ ዕድሜ በጉባኤ ተወያዩ። ሁለቱን ዓመት ላጠናቀቀች ያላገባች ልጅ ለቤተሰቧ ፍየል ይሰጥ ነበር።

አናቤል ኤሩልካርና ዩኒስ ሙቴንጊ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ምርመራ እንደ ተገኘው፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት የሞሰቦ ልጆች ከማነጻጸሪያው ቀበሌ ልጆች ይልቅ በትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸው የበለጠ፣ የመዳር ዕድላቸው ደግሞ እጅግ ያነሰ ሆነ። ከ15 እስከ 19 ዓመት ያሉት ግን ከማነጻጸሪያው ይልቅ የመዳር ዕድላቸው በዝቶ ተገኘ፤ ጋብቻው ቀረ ማለት ሳይሆን ዘገየ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ «አዲስ ብርሃን» በተባለ ሌላ መርሐ ግብር በክልሉ ገጠር ያገቡ ወንዶች በቡድን እየተሰበሰቡ ስለ ቤት ሥራ፣ ስለ ጤናና ስለ ምት እንዲነጋገሩ ተደርጓል። ከኢትኖሎጂ አንጻር ዋናው ፍሬ ነገር የቡድኑ አሠራር ነው። ከባሏ ዘመዶች መካከል ብቻዋን የምትኖር ልጅ በሳምንት አንድ ቀን እኩዮቿን ስታገኝ፣ የእርሷ ብቻ መስሎ የታያት ነገር የሌሎችም መሆኑን ትሰማለች፤ ገበና መሆኑም የሚቀረው በዚያን ጊዜ ነው።

ቁጥሮቹ የሚነግሩት

የዓለም የጤና ድርጅት በ10 አገሮች ባደረገውና በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ በቡታጅራ ዙሪያ ከተጠየቁት ባል ካላቸው ወይም ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶው በሕይወታቸው ዘመን ከባል የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል። ይህ ቁጥር በጥናቱ ውስጥ ከሁሉ ከፍተኛው ሲሆን፣ ዝቅተኛው በጃፓን ከተማ የተገኘው 15 በመቶ ነው። ለምዕራብ ጎጃም ጎረቤት በሆነው በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ በተደረገውና በ2013 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት 78 በመቶ ያገቡ ሴቶች አንድ ዐይነት ጥቃት እንዳገኛቸው ገልጠዋል። ይህኛው የስድብና የዛቻ ጥቃትንም ስለሚጨምር ከፊተኛው ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም።

ስለ አስተሳሰብ ደግሞ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ጠቃሚ ነው። ወጥ ቢያር፣ ብትከራከረው፣ ሳትነግረው ብትወጣ፣ ልጆቿን ችላ ብትል፣ ወይም መኝታ ብትከለክለው ባል ሚስቱን ቢመታ ይገባዋል ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ ከአምስቱ ቢያንስ በአንዱ «አዎን» ያሉት ሴቶች በ2000 እ.ኤ.አ. 85 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ወደ 63 በመቶ ወረዱ። በዚያው በ2016ቱ ጥናት የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች 66 በመቶው ርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንምም አልነገሩም። ርዳታ የጠየቁት 23 በመቶ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹም የሄዱት ወደ ቤተ ዘመድና ወደ ጎረቤት ነው።

ይህ 66 በመቶ ከላይ ስለ ቀደሙት መንገዶች የተባለውን የሚያፈርስ ይመስላል፤ ነገር ግን አያፈርሰውም። አኩርፋ የሄደች፣ በወፍጮ ላይ ያንጐራጐረች፣ በዛር ስም የጠየቀች ሴት «ለሰው ነግረሻል ወይ?» ብትባል፣ ምቱን በስሙ ስላልጠራችው «አልነገርሁም» ልትል ትችላለች። መጠይቁ የሚቈጥረው በግልጥ የተነገረውን ብቻ ነው። እንዲህም ሲባል ቁጥሩን ማቃለል አይደለም። ባህሉ በተዘዋዋሪ መናገርን ሲፈቅድ በግልጥ መናገርን ምን ያህል እንደ ከለከለ የሚያሳየው ይኸው ቁጥር ነው።

አዲሱ ሰሚና አደጋው

ዛሬ ከአዴት ወይም ከቡሬ ገጠር ተነሥታ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት የምትሄድ ሚስት ከቀድሞዎቹ ሰሚዎች አንዱን ትታ ሌላውን መያዟ ነው። በዚህ ጊዜ የምታጣውን በትክክል መገመት ያስፈልጋል። ባሏን ያሳሰረች ሚስት በአማቶቿ መካከል ልትኖር አትችልም፤ ሽማግሌዎቹም «ቤቷን ከሰሰች» ብለው ዳግመኛ አይቆሙላትም። ወላጆቿም ካሳውንና ዕርቁን ትታ መሄዷን ላይወዱ ይችላሉ። ምስክር ሊሆኑላት የሚችሉት ጎረቤቶች የባሏ ዘመዶች ናቸው። የሐኪም ማስረጃ ለማግኘት ቁስሏ ሳይሽር ከሕክምና ቦታ መድረስ አለባት። ተከሳሹ ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ የምታርፍበት ቤት ያስፈልጋታል። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር በ2003 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ተመሥርቶ እንዲህ ያለ መጠለያ አቋቁሟል፤ ለገጠር ሴት ግን ከተማው ሩቅ ነው።

ከዚህም በላይ፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት ጎጃምን ከሁሉ አብልጦ ነክቶታል። መንገድ በተዘጋበት፣ የወረዳ መሥሪያ ቤት ሥራውን ባቋረጠበት ቦታ፣ አዲሱ ሰሚ ከስፍራው ታጣ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ለተመታችው ሚስት የሚቀሩላት ገላጋዩ፣ ሽማግሌውና የነፍስ አባቷ ናቸው።

ከዚህ የሚገኘው መደምደሚያ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው፣ ዕርቅ ምትን ወደ ጠብ የሚለውጥ እስከ ሆነ ድረስ ለሚስቲቱ ፍትሕ ሊሆን አይችልም፤ ምትን በስሙ የሚጠራው የ1997ቱ ሕግ በዚህ ረገድ ምትክ የለውም። ሁለተኛው፣ ሕጉ ብቻውን የሚቆም እንዳይመስል ነው። ሴቲቱ በግልጥ የምትናገረው ስሟ በይዞታ ደብተር ላይ ሲገኝ፣ እኩዮቿን የምታገኝበት ስብሰባ ሲኖር፣ የነፍስ አባቷ ቻዪው ከማለት ይልቅ ባሏን ሲገሥጽ፣ ሽማግሌዎችም «ምን አድርገሽ ነው?» ማለትን ትተው «ለምን መታሃት?» ብለው ሲጀምሩ ነው። ይህ የመጨረሻው ገንዘብም አዋጅም አይጠይቅም፤ ጥያቄው ለማን እንደሚቀርብ መለወጥ ብቻ ነው። የጎጃም ሽማግሌ በሥርዓቱ የተከበረ ዳኛ ነው፤ በዚህ ጥያቄ ቢጀምር ክብሩን አያጣም፣ የተመታችውም ሴት ከዱላና ከስደት አንዱን ለመምረጥ አትገደድም።